ባለወናፏ መኪናና የአብዱሰመድ ጆሮ

በድሬዳዋ ስለ መኪና ከሚወራው ወሬ ግማሹ ውሸት ነው። የቀረውን ግማሽ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ባለወናፏ መኪና ሌላ ሰው የነገራችሁን ተዉትና ከኔ ስሙ። ስትሠራ አጠገቧ ነበርኩ፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጣም ከኋላ ወንበሯ ላይ ሆኜ ተንገላትቻለሁ።

ስሜ ሣህሉ ነው፤ ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጫት መመዘን ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ገደማ። ጫቱ በጠዋት አወዳይ ገበያ ይገዛል፤ በኮባ ቅጠልና በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል፤ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ እኛ ይወርዳል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ይገባል። የሰው ልጅ ከሚነግድባቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ጫት ትዕግሥት የሌለው የለም። ትናንት የተቀነጠሰ ዛሬ ገለባ ነው። ከጫት ጋር የሚውል ሰው፣ ነጋዴውም ሹፌሩም መዛኙም፣ ሁሉም ችኩል ይሆናል። እኔ ድሮም ችኩል ነበርኩ፤ ሥራው ደግሞ አባሰብኝ።

አብዱሰመድ ጎረቤቴ ነበር። ተወልዶ ያደገው መጋላ ሰፈር ነው። ጢሙ ሳያቀመቅም የባቡር ወርክሾፕ ገባና በባቡሩ የእንፋሎት ጋን ውስጥ እየተሽሎከለከ፣ ብረት በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ወጣትነቱን ጨረሰ። የናፍጣ ባቡር መጥቶ እንፋሎቱ ሲቀር ከወርክሾፑ ወጣና ደቻቱ ወንዝ ዳር ጋራዥ ከፈተ። ጋራዥ ስላችሁ ግንብ እንዳይመስላችሁ፤ ጣሪያውም ግድግዳውም አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መፋቂያ ካፉ የማይለይ ሰው ነው። ሲያናግሩት አፍ አፍ እያየ ነው የሚያዳምጠው። ይህን እኛ ጨዋነት ነው እንል ነበር።

ከተማው የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሞተር ሲነሳ አንዴ ሰምቶ የታመመችውን እሳት ጫሪ ካንዴላ በጣቱ ያሳያል ይባላል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቆሞ፣ ከባቡር ጣቢያ የሚመጣ ካሚዮን ሳያይ የማን እንደሆነ ይናገራል ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ያወራሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ብዙም አልጨመርኩበትም።

ፋዱማ ደግሞ የጫት ነጋዴ ናት። ባሏ ሲሞት ንግዱን ለወንድሞቹ ትታ ቤቷ ትቀመጣለች ያላለ ሰው አልነበረም። እሷ ግን የሐዘን ጊዜዋን እንደ ደንቡ ጨርሳ በወጣች ማግስት አወዳይ ገበያ መሀል ታየች። ቅጠል በሁለት ጣቷ አሽታ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የምታውቅ፣ ዋጋ አንዴ ከተናገረች የማትደግም ሴት ናት። ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፤ ዐያንሌ የሚባል ሌላ የጫት ነጋዴ። ዐያንሌ ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ የጭነት መኪና አለው። ሁልጊዜ አወዳይ ቀድሞ ይደርስና ለጋ ለጋውን ለቅሞ እንጨቱን ለሌላው ይተዋል። የኤደን ደንበኞቿ አንድ ባንድ ወደሱ መዞር ጀመሩ።

ታዲያ አንድ የግሪክ ነጋዴ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ ፋዱማ የመጋላ ሱቋን ሸጣ መኪናውን ገዛች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ከኋላ ክንፍ ያወጣች መኪና ናት። ሞተሯ ላይ አየር በጉልበት እየነፋ የሚያስገባ ዕቃ ተገጥሞላታል። ግሪኩ በሌላ ስም ነበር የሚጠራው፤ አብዱሰመድ ግን ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየና «አንጥረኛ ቤት ያለው ወናፍ ነው» አለ፤ ወናፍ ተብሎ ቀረ። ነገሩም ያው ነው። ከሰሉን አብዝተህ በነፋህበት መጠን እሳቱ ይብሳል፤ ሞተርም እንደዚያው ነው። ብቻ ይህ ወናፍ ለዓመታት ቆሞ ዝጓል፤ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም ተበጥሷል።

ፋዱማ ግራሩ ስር መጥታ ቆመች። እኔም በረኛ ይመስል እዚያው ነበርኩ።

«አብዱሰመድ፣ ይህቺ መኪና ደንገጎን ሳታለከልክ እንድትወጣልኝ ነው የምፈልገው» አለችው። «ሹፌሯም አንተው ነህ። ግን ስማኝ፤ ሞተሯ ከተቃጠለ በዚህ አገር መለዋወጫ የላትም፤ እኔም ሌላ ሱቅ የለኝም። መካኒክ ሞልቷል፤ አንተን የመረጥኩህ ለጆሮህ ነው።»

«ኢንሻአላህ፣ አዴ ፋዱማ» አላት በአክብሮት፤ አፏን እያየ።

ከተማው ሳቀ። «ጫት ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ ወናፍ ምን ያደርግላታል? ደንገጎን ድንጋይም ይወርደዋል» ተባለ። እኔም ብያለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ፋዱማ ስትሰማ «ለጋው የሚለቀመው ሲወጣ ነው፤ ሲወረድማ ማንም ይወርዳል» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

አቤት ያ የሥራ ሰሞን! አውሮፕላኑን ሸኝቼ ስጨርስ ምሳዬን እንኳን ሳልበላ ወደ ግራሩ ነበር የምሮጠው። አብዱሰመድ ወናፉን ፈታቶ በናፍጣ አጠበው፣ ዝገቱን ፋቀው፣ እንደገና ገጠመው። ቺንጋው የሚዞርበትን የወናፉን መዘውር ወርክሾፕ ለቀሩት ጓደኞቹ ወስዶ በቶርኖ ማሽን አስቀነሰው፤ መዘውሩ ሲያንስ ወናፉ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ብዙ ይነፋል። ብዙ አየር ብዙ ቤንዚን ስለሚፈልግ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ከሰዓት ሠሪ በተዋሰው መሰርሰሪያ አሰፋው። ቺንጋው ብቻ ጠፋ። ጂቡቲ ተጠየቀ፣ የለም። በመጨረሻ ከዋሂል መንደር የግመል ቆዳ አስመጣና ኮርቻ ሰፊ ዘንድ አሰፋው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት፤ እሱ የበግ ላት ይቀባው ጀመር።

ሞተሯ የተነሳች ቀን የግመሉ ቺንጋ መዘውሩ ላይ ተንሸራተተና ጮኸ። ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። ውሾች ሸሹ። ማዶ ያሉ ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። እኔም ያዝኩ። አብዱሰመድ ብቻ እጁን አጣምሮ ሞተሯን እያየ ፈገግ ብሏል።

ጆሮዬን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ከጀርባው ዞርኩና በስሙ ጠራሁት፤ አልዞረም። ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ አልዞረም። ትከሻውን ስነካው ዞር ብሎ ፊቴን አየና ማወቄን አወቀ።

ሞተሩን አጠፋ። «ጋኑ ውስጥ ሆነህ ብረት ስትመታ ድምፁ የሚወጣበት የለውም፤ አንተው ውስጥ ነው የሚቀረው» አለኝ። «ቀጭን ድምፅ ከጠፋኝ ቆየ። ወፍራሙም እየሄደ ነው።»

«ታዲያ ሞተር በምንህ ነው የምትሰማው?»

መፋቂያውን ካፉ አወጣ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን በጥርሱ ነክሶ አሳየኝ። በጥርሱ ነው የሚሰማው። የብረቱ ንዝረት በእንጨቱ ወደ ጥርሱ፣ ከጥርሱ ወደ ራስ ቅሉ ይገባል። እኛ ስናየው ጥርሱን እየፋቀ ሥራ የሚያስብ ነበር የሚመስለን።

«ለአዴ ፋዱማ እንዳትነግራት» አለኝ። «ይህን ካወቀች መኪናዋን ትወስድብኛለች፤ ትክክል ነች። ግን ሣህሉ፣ ወላሂ፣ ከባቡሩ ወዲህ እጄ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አንዴ ደንገጎን ላውጣት።»

ምን ልበለው? አልነግርም አልኩት። ልቤ ግን አላረፈም። ወናፍ ያላት ሞተር አየር ሲበዛባት፣ ሙቀት ሲበረታባት፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ፒስቶኑን ይቀጠቅጠዋል። ያኔ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ያን ድምፅ ሰምቶ እግሩን ከቤንዚኑ ያላነሳ ሹፌር ፒስቶኑን እንደ ሻማ ያቀልጠዋል። ድምፁ የሚመጣው ደግሞ ግራር ስር በቆመችበት አይደለም፤ ዳገት ላይ ነው።

በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት ፋዱማ ቀፊራ መሀል ለዐያንሌ «ነገ አወዳይ ከኋላዬ ትደርሳለህ» አለችው። ዐያንሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትልቅ ሳቅ ያለው ጉረኛ ነው። «ኧረ ፋዱማ፣ ደንገጎ ላይ ሻይ ይዤ እጠብቅሻለሁ» አላት። ወሬው ከቀትር በፊት ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ከተማው ዳገቱ ግርጌ ነቅሎ ወጣ። ጋሪ ነጂው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ቄሱ፣ ሼኹ፣ ሁሉም አለ። እኔ ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ከኋላ ወንበር ተጠቀጠቅሁ። ፋዱማ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ጥቁር ጃንጥላዋን በጉልበቶቿ መሀል አቁማ ይዛለች። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ የተናደደች ትመስላለች። አብዱሰመድ ቢስሚላህ ብሎ ሞተሯን አስነሳ። የግመሉ ቺንጋ አልጮኸም፤ የበግ ላቱ ሠርቷል። አንድ ሰው ለመነሻ ምልክት ነጠላውን ከፍ አድርጎ ጣለ፤ ከዐያንሌ ጋር እኩል ተነሳን።

ወናፍ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ እንደማንኛዋም መኪና ሄደች። ከዚያ አብዱሰመድ ቤንዚኑን ረገጠው፤ ከኮፈኑ ስር አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነሳ፤ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ሳቅሁ፣ ጮህሁ፣ አማተብሁ። የመጀመሪያውን ኩርባ ስንዞር የዐያንሌን መኪና በጎኑ አለፍነው፤ አፉ ተከፍቶ አየሁት። ፋዱማ ጃንጥላዋን ወለሉ ላይ እየመታች «ንዳ! ንዳ!» ትላለች።

ሦስት ኩርባ ያህል እንደወጣን ጠጠሩ መጣ። ቀጭን ነው፣ ግን ግልጽ ነው፤ ከሞተሩ ውስጥ ይንጣጣል። ፋዱማም ሰማችው፤ ፊቷ በራ። የፍጥነቷ ዜማ መስሏታል። እኔ ግን ምን እንደሆነ አወቅሁ። ትከሻውን ብመታው ምስጢሩ ወጣ፤ ዝም ብል መኪናዋ አለቀች። እጄን ዘረጋሁ።

ከመንካቴ በፊት አብዱሰመድ ጎንበስ አለ። መፋቂያውን በጥርሱ ነክሶ ጫፉን የመሪው ዘንግ ላይ ተከለው። አገጩ መሪው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው፤ ዓይኖቹ ብቻ መንገዱን ያያሉ። አንድ ጊዜ ፊቱ ተኮሳተረ። ከዚያ እግሩን አነሳ።

ትንፋሹ ወረደ። መኪናዋ አዘገመች። «ምን ሆንክ? ንዳ እንጂ!» አለች ፋዱማ። አልመለሰላትም፤ አልሰማትም። ዐያንሌ ክላክሱን እየነፋ አልፎን ሄደ፤ አቧራውን ቃምን። የቀረውን ዳገት ሁሉ በዝግታ ወጣን። ፋዱማ ጃንጥላዋን ጨብጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ደንገጎ ስንደርስ ዐያንሌ እንዳለው ሻይ ይዞ ቆሟል። ሰዎች ከበውታል። ፋዱማ ወረደችና አብዱሰመድ ፊት ቆመች።

«ለምን አቆምካት? ይዘነው ነበርኮ።»

አብዱሰመድ ኮፈኑን ከፈተና በጨርቅ ይዞ አንዲት ካንዴላ ፈታ። ጫፏ ላይ እንደ አሸዋ ያነሱ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች አሉ። «ይህ ከፒስቶኑ የቀለጠ ነው» አላት። «ገና ማላቡ ነው። አንድ ኩርባ ብጨምር ኖሮ መኪና አልነበረሽም።» ቀጥሎም «ድምፅ ነበረው። አንቺ ሳትሰሚው አትቀሪም። እኔ ግን በጆሮዬ አልሰማሁትም። ጆሮዬ ሄዷል፣ አዴ ፋዱማ። በጥርሴ ነው ያገኘሁት። ቀድሞ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ መኪናዋን እንዳትወስጂብኝ ፈርቼ ነው» አለና ቁልፉን ዘረጋላት።

ዐያንሌ እንኳን ሳቁን ዋጠ። «ደንቆሮ ይዘሽ ነው እንዴ ገደል የምትወጪው? አላህ ነው ያወጣሽ» አላት፤ ከልቡ ደንግጦ ነው።

ፋዱማ ቁልፉን ተቀበለች። ካንዴላዋንም ተቀብላ ጫፏን በሁለት ጣቷ፣ ቅጠል እንደምታሸው አሸችው።

«ያ እንደ ጠጠር የሚንጣጣው ነው?» አለችኝ ወደኔ ዞራ።

«እሱ ነው» አልኳት።

«አቦ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።» ለአብዱሰመድ እንዲታየው ፊቷን አዙራ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተናገረች። «ሁለት ጆሮ ያለኝ እኔ ንዳ እያልኩ ልገድላት ነበር። አሁን ድምፁን አውቄዋለሁ። እኔ እሰማለሁ፣ አንተ ትነዳለህ። ስነካህ እግርህን አንሳ።» ቁልፉን መዳፉ ላይ ጣለችለት። «ሀያ፣ ግባ! አወዳይ ገና ነው።»

አብዱሰመድ ቁልፉን ጨበጠ። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አቧራ ነው ቢል አላምነውም። ካንዴላዋን መልሶ ገጠመ፣ እሳት የምትጭርበትን ጊዜ በመፍቻ ጥቂት አዘገየና ራዲያተሩን ሞላው። ዐያንሌ ሻዩን ጥሎ ወደ መኪናው ሲሮጥ እኛ ገብተን ነበር።

የኛ ሞተር እስኪነሳ እሱ ቀደመን። ነገር ግን ደንገጎ ላይ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ቀጥኗልም። የዐያንሌ ትልቅ ሞተር ከፍታው ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ የኛዋ ግን ወናፍ አላት፤ እንዲያውም ቅዝቃዜው ተስማማት። ፋዱማ ባዕድ ወንድ በእጇ አትነካምና የጃንጥላዋን ጫፍ ትከሻው ላይ አስቀመጠች። ጠጠሩን ስትሰማ ጫን ታደርጋለች፣ እግሩን ያነሳል፤ ስታላላ ይረግጣል። ዓለማያ ሐይቅ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ጃንጥላው ጭራሽ ተነሳ። መኪናዋ በረረች። ሐይቁ በጎናችን እንደ ጨርቅ ተጎተተ። ዐያንሌን ስናልፈው ፋዱማ በመስኮት «ሻይህ ቀዝቅዟል!» አለችው። አወዳይ ገብተን ለጋውን ስትለቅም ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያ ሥራ ሆነ። በየቀኑ ይወጣሉ፣ በየቀኑ ቀድመው ሚዛኔ ላይ ይደርሳሉ። እኔም አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ከአውሮፕላኑ ክንፍ በየጠዋቱ ለፍተሻ የሚቀዳና አሸዋ ላይ የሚደፋ ቤንዚን ነበር፤ ከመኪናው ቤንዚን የጠነከረ ነው። እየለመንኩ በጣሳ አጠራቅሜ ሰጠኋቸው። አብዱሰመድ ቀላቅሎ ሞከረው፤ ጠጠሩ ጠፋ። በሳምንቱ መዘውሩን እንደገና አስቀነሰ፤ ወናፉ ባሰበት፣ መኪናዋም ባሰባት፣ እነሱም ባሰባቸው።

ጠጠሩ ቢጠፋም ጃንጥላው ከትከሻው አልወረደም። ከተማው ማውራት ጀመረ። ፋዱማ ሰምታለች፣ እኔ ሰምቻለሁ፣ ኤደንም ሳይሰማ አልቀረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የአብዱሰመድ ደግሞ ያኔ ጨርሶ ሄዶ ነበር፤ የሚያገኘውን ሁሉ በዓይኑና በጥርሱ ነበር የሚያገኘው።

አንድ ቀን ጫቱን ሚዛን ላይ አውርደው፣ እኔ እመዝናለሁ፣ ጫኞቹ ተሰልፈዋል፣ ዐያንሌ ከኋላ ተራ ይጠብቃል። አብዱሰመድ ራሱን ኮፈኑ ስር ከትቶ የግመሉን ቺንጋ ያጠብቃል። ፋዱማ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ዙሪያዋን አየች። ጫኞቹ ሶማሌዎችና ኦሮሞዎች ናቸውና እንዳይገባቸው ብላ በአማርኛ፣ በቀስታ ተናገረች። «ክንዴ ጃንጥላ መያዝ ደከመው። ወንድሜን አናግርና ሼኹ ይጠራ።»

መልስ የለም። ቺንጋውን ያጠብቃል።

ፊቷ ቀላ። ያቺ ዋጋ የማትደግም ሴት ደገመችው፤ አሁን ጮክ ብላ። መልስ የለም። እኔ የሚዛኑን ድንጋይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ጫኞቹ ጆንያ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። አማርኛውማ ከማንም በላይ ገብቷቸው ኖሯል።

ፋዱማ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጣለች። በሁለት እጇ ኮፈኑን መታችው። አብዱሰመድ ራሱን አወጣና አያት፤ እሷም አውሮፕላን ማረፊያው እስኪሰማ፣ በአማርኛም በሶማሊኛም በኦሮምኛም ጮኸችበት፤ «አግባኝ ነው የምልህ!»

አውሮፕላኑ ደጃፍ ላይ የነበረው ፓይለት እንኳን ዞር አለ። አብዱሰመድ እስከ ክርኑ ዘይት ሆኖ፣ እጆቹን ፊቱ ዘርግቶ፣ የት እንደሚያደርጋቸው አጥቶ ቆመ።

«እጄ ዘይት ነው» አላት።

«ሂድ ታጠብ» አለችው። «ወንድሜ ሱቁ የሚቆየው እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ነው።»

ይህንን ሁለተኛ ሳይነገረው ሄደ።